ንዑስ ሰረዝ በሐኪም ቃል ውስጥ፤ የጸሐፊና የአስጻፊ ታሪክ

ጽሑፍ የሰው ልጅ የሥራ ውጤት እንደ መሆኑ መጠን፣ ታሪኩ የፊደልና የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የሚጽፈው እጅና የሚያስጽፈው አንደበት ግንኙነት ታሪክም ነው። ይህ ግንኙነት ምን ይጻፍ፣ ለማን ይጻፍ በሚሉት ዐበይት ጉዳዮች ላይ ጎልቶ መታየቱ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ እጅግ ታናሽ በሆነ ነገር፣ በአንዲት አጭር ጭረት ላይ፣ ይበልጥ ጠርቶ ይገኛል። ንዑስ ሰረዝ የምትባለው፣ ሁለት ቃላትን የምታጣምረው ወይም በመሥመር ዳርቻ የተከፈለውን ቃል የምታያይዘው ምልክት፣ በሰሜን አሜሪካ የሐኪሞችን ቃል ከድምፅ ወደ ወረቀት ሲያወርዱ በኖሩ ጸሐፊዎችና ሥራውን በሚያሠሯቸው ደንበኞች መካከል ለብዙ ዓመታት ያላባራ ክርክር አስነሥታለች። ክርክሩ ለሩቅ ተመልካች የሰዋስው ቅንጦት ይመስላል። ወደ ውስጡ ሲገቡ ግን የደመወዝ፣ የሥልጣንና የበሽተኛ ሕይወት ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምልክቷ የተወለደችው ቃላት ያለ ክፍተት እየተገጣጠሙ ይጻፉ በነበረበት ዘመን ነው። የጥንት ግሪክ ሰዋስው ሊቃውንት አንባቢው ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ እንዲያነባቸው በፈለጉ ጊዜ ከሥራቸው እንደ ደጋን የጎበጠች መሥመር ያኖሩ ነበር፤ ሃይፈን የሚለው ስሟም በግሪክኛ «በአንድ ሥር»፣ «አንድ ላይ» እንደ ማለት ነው። ከሥር የነበረችው ጭረት በኋላ ወደ ቃላቱ መካከል ወጣች። ዮሐንስ ጉተንበርግ በማይንስ ከተማ በ1455 ገደማ ባለ 42 መሥመሩን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያትም የዓምዶቹ ዳርቻ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ስለ ፈለገ፣ በመሥመር ጫፍ ላይ ያልበቃውን ቃል ቈርጦ በጥንድ ጭረት አሰረው። ስለዚህ ንዑስ ሰረዝ ከቀድሞ ጀምራ የሁለት ጌቶች አገልጋይ ናት፤ አንደኛው ትርጉም ነው፣ ሁለተኛው የገጽ መልክ ነው። ሁለቱ ጌቶች ሁልጊዜ አይስማሙም።

በግዕዝ ጽሑፍ ዘንድ ሁለተኛው ጌታ ቦታ አላገኘም። በጥንቱ የደቡብ ዓረቢያ ጽሑፍ ቃልን ከቃል የሚለየው ቋሚ ጭረት ነበር፤ በግዕዝ ብራና ላይ ይህን ተግባር ሁለት ነጥብ ያዘው። የቃል ድንበር በሁለት ነጥብ ስለ ተረጋገጠ፣ ቁም ጸሐፊው መሥመር ሲሞላበት ቃሉን ከደረሰበት ፊደል ላይ አቋርጦ፣ ምንም ምልክት ሳያደርግ፣ በሚቀጥለው መሥመር ይቀጥላል። አንባቢውም አይሰናከልም። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጠቅም ሌላም ልማድ በእነዚሁ ብራናዎች ላይ ይገኛል። በብዙዎቹ መጨረሻ ላይ የጻፈውን፣ ያስጻፈውን፣ ያነበበውንና የሰማውን አምላክ እንዲምር የሚለምን ቃል ሰፍሯል። አስጻፊ ማለት የብራናውን፣ የቀለሙንና የጸሐፊውን ቀለብ የሚችለው ሰው ነው። ስሙ በጸሎቱ ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዴም መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም አስፍቆ የራሱን ያስተካል። የተጻፈው ቃል የማን ነው የሚለው ጥያቄ እንግዲህ በብራናውም ዘመን ነበረ። ልዩነቱ አስጻፊው የቃሉን አጻጻፍ ለጸሐፊው ሙያ መተዉ ነው። ዳዊት ያስጻፈ መኰንን ሁለት ነጥቡ ከየት እንዲገባ ለቁም ጸሐፊው ትእዛዝ አይሰጥም ነበር።

በአሜሪካ ሆስፒታሎች የተፈጠረው ግንኙነት ግን ከዚህ የተለየ ነው። እዚያም ቢሆን የበሽተኛ መዝገብ ለረጅም ጊዜ እንደ ሐኪሙ ፈቃድ የሚጻፍ ወይም ጭራሽ የማይጻፍ ነገር ነበር። በቦስተን የሚገኘው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል በ1897 ግሬስ ዋይቲንግ ማየርስን የመዝገብ ኃላፊ አድርጎ መቅጠሩ ለሙያው መጀመሪያ ሆኖ ይቈጠራል። ከዚያም የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ኮሌጅ በ1917 ለሆስፒታሎች ዝቅተኛውን የአሠራር ደረጃ ሲያወጣ፣ ለእያንዳንዱ በሽተኛ ትክክለኛና የተሟላ መዝገብ ይጻፍ የሚለውን ከግዴታዎቹ አንዱ አደረገው። በ1918 መቶና ከመቶ በላይ አልጋ ያላቸው 692 ሆስፒታሎች ሲመረመሩ ደረጃውን ያሟሉት 89 ብቻ ነበሩ። ከወደቁት መካከል ስመ ጥር የሆኑ ስለ ነበሩበት፣ የስሞቹ ዝርዝር በኒውዮርክ ከተማ በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድጃ ውስጥ በ1919 እንደ ተቃጠለ ይተረካል። ወረቀቱ ቢቃጠልም ግዴታው ቀረ። ሐኪም ሁሉ መጻፍ ግድ ሆነበት፤ ሐኪሞች ደግሞ፣ በየትኛውም አገር እንደሚታወቀው፣ መጻፍ አይወዱም፤ የጻፉትም አይነበብም።

መፍትሔው ቶማስ ኤዲሰን በ1877 ከሠራው ድምፅ ቀራጭ መሣሪያ መጣ። ኤዲሰን ራሱ በ1878 የመሣሪያውን ጥቅሞች ሲዘረዝር በመጀመሪያ ያስቀመጠው ያለ አጭር ጽሑፍ ጸሐፊ ቃል ማስጻፍን ነው፤ ዘፈንና ሙዚቃ በእሱ ግምት ዋናዎቹ አልነበሩም። ዲክታፎን የተባለው የንግድ ስም በ1907 ሲመዘገብ፣ ሐኪሙ በሰም በርሜል ላይ ተናግሮ መሄድ፣ ጸሐፊዋ ደግሞ በሌላ ክፍል ሆና ማዳመጥና በጽሕፈት መኪና መምታት ጀመሩ። የሰሙ በርሜል ተልጦ እንደገና ያገለግላል። በ1947 የፕላስቲክ ቀበቶ ተተካ፤ ከዚያም የቴፕ ክር፣ ከዚያም ስልክና ኮምፒዩተር ተከተሉ። መሣሪያው ይለዋወጥ እንጂ የሥራው ሁኔታ አልተለወጠም። በጆሮ ማዳመጫ፣ በእግር ፔዳል ድምፁን ወደፊትና ወደኋላ በመመለስ፣ በጣቶች። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ የሥራ ክፍሉም ብዙውን ጊዜ የሆስፒታሉ ምድር ቤት ነበረ።

እነዚህ ሴቶች ምን ያህል ሊያውቁ ይገባ እንደ ነበር ማሰብ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ምሳውን እያኘከ፣ በኮሪደር እየተጓዘ ወይም ከሌሊት ሥራ በኋላ በእንቅልፍ እየተሸነፈ ይናገራል። በእንግሊዝኛ የዳሌ አጥንት ክፍልና የቀጭን አንጀት መጨረሻ ስማቸው ሲነገር አንድ ነው፤ ሁለቱም «ኢሊየም» ይባላሉ፤ በጽሑፍ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። የተሰበረው አጥንቱ ይሁን ወይስ የቈሰለው አንጀቱ፣ ከዐረፍተ ነገሩ አገባብ አውቃ የምትወስነው ጸሐፊዋ ናት። ያልሰማችውን ከመገመት ባዶ ቦታ ትታ ለሐኪሙ መመለስ የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነው። ይህን ሁሉ ዕውቀት ተሸክማ በወረቀቱ ላይ የሚኖራት ምልክት ግን በገጹ ግርጌ የሚሰፍሩት ሁለት ወይም ሦስት ፊደሎች ናቸው። የሐኪሙ ስም መነሻዎች በትልቁ ፊደል፣ የእሷ በትንሹ።

ከዚህ በኋላ ወደ ጭረቲቱ መመለስ ይቻላል። ንዑስ ሰረዝ በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ አንዳንድ ቦታ ነፍስ አላት፣ አንዳንድ ቦታ ጌጥ ናት። የቀዶ ሕክምና ክርን ብንወስድ፣ ውፍረቱ በቁጥር ይለካል። «3-0» የሚባለው ክር ባለ ሦስት ዜሮ ነው፤ ዜሮው በበዛ መጠን ክሩ ይቀጥናል፤ ባለ ሦስት ዜሮው 0.2 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጭረትና ዜሮ የሌለው ቁጥር «3» ደግሞ የሦስት እጥፍ ያህል ውፍረት ያለው ሌላ ክር ነው። ጭረቷ ጠፍታ «30» የሚል ቢጻፍ እንዲያ ያለ ክር የለም። የወገብ አከርካሪም እንዲሁ ነው። አራተኛውንና አምስተኛውን የሚያገናኘው ሥፍራ «ኤል 4-5» ተብሎ ሲጻፍ፣ የሚያጣምረው ጭረት ነው፤ ያለ ጭረት «ኤል 45» የሚል በሰው ገላ ላይ የማይገኝ አጥንት ይፈጠራል። በጽሕፈት መኪናው ላይ ደግሞ ንዑስ ሰረዝና የመቀነስ ምልክት አንድ ቁልፍ ይጋራሉ። ከዜሮ በታች የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ከነልካቸው ሲጻፉ በመካከላቸው ጭረት ከማድረግ «እስከ» የሚለውን ቃል መጻፍ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

የሳንባ ካንሰር በእንግሊዝኛ በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላል፤ ታናናሽ ሕዋስ ያለውና ታናናሽ ሕዋስ ያልሆነው። የመጀመሪያው በአብዛኛው በመድኃኒትና በጨረር ይታከማል፤ ሁለተኛው በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። አፍራሹ ቃል አንዲት ክፍለ ቃል ስትሆን፣ የምታፈርሰው «ታናሽ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው ወይስ «ታናሽ ሕዋስ» የሚለውን ጥምር? ጭረቷን ከየት እናኑር በሚለው ጉዳይ መጽሐፎቹ እንኳ አልተስማሙም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያ ለዚህች ቦታ ከንዑስ ሰረዝ ረዘም ያለ ሌላ ጭረት መርጦ ተገላግሏል። በጽሕፈት መኪና ላይ ግን ረዘም ያለ ጭረት የሚባል ቁልፍ አልነበረም።

ከኬሚስትሪ የመጣ አንድ ቀልድ መሰል ምሳሌም አለ። በእንግሊዝኛ «በሠራተኛ ማኅበር የተደራጀ» የሚለው ቃልና «ወደ አዮን ያልተለወጠ» የሚለው ቃል ፊደሎቻቸው አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያቸው በሁለተኛው ውስጥ የምትገባው ጭረት ናት። የጭረቷ መኖር ኬሚስቱን ከሠራተኛው ይለያል።

ነፍስ የሌላትስ የቱ ላይ ናት? «ፎሎው አፕ» የሚለውን እንመልከት። በአዲስ አበባ ያለ ሕመምተኛ ለቀጠሮው «ፎሎው አፕ አለብኝ» ሲል ስለ ጭረቷ አይጨነቅም። በእንግሊዝኛ ሰዋስው ግን ግሥ ሲሆን በሁለት ቃል፣ ስም ሲሆን በንዑስ ሰረዝ ይጻፋል፤ አንዳንዶች ደግሞ ስሙን እንደ አንድ ቃል ያለ ጭረት ይገጥሙታል። በሦስቱም አጻጻፍ በሽተኛው የሚመለሰው በዚያው ቀን ነው። ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ያገኘው ጨረርም ከዚሁ ወገን ነው። የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ጭረቷ ትግባ አትግባ በሚለው ላይ መዝገበ ቃላትና የሕክምና መመሪያዎች ተለያይተዋል። የእኛ ሰው «ራጅ» ብሎ ተገላግሎታል።

ደንበኛው ገብቶ የተቀመጠው በዚህ ነፍስ በሌላት ወገን ላይ ነው። ደንበኛ ሲባል ሆስፒታሉ፣ ክሊኒኩ ወይም አንድ ነጠላ ሐኪም ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የራሱን ምርጫ በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። አንዱ የሕመሙ ስም በትልልቅ ፊደል ይጻፍልኝ ይላል፤ ሌላው ጭረት አልወድም፣ ሁሉንም አያይዙት ይላል፤ ሦስተኛው ያልኩትን ብቻ፣ እንዳልኩት ጻፉ ይላል። ለብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራ የጽሕፈት ድርጅት እነዚህን ትእዛዞች በየደንበኛው ስም ይሰበስባል። ጸሐፊዋ ጧት ለአንዱ ደንበኛ በጭረት የጻፈችውን ቃል ከሰዓት በኋላ ለሌላው ያለ ጭረት ትጽፈዋለች፤ ብትረሳ እንደ ስሕተት ይቈጠርባታል። እንዲህ ሲሆን ቃሉ የጋራ መግባቢያ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቤት ቀለም ባለንብረቱ ደስ እንዳለው የሚቀባው ይሆናል።

ከሁሉ የከበደው «እንዳልኩት ጻፉ» የሚለው ትእዛዝ ነበር። ላይ ላዩን የሐኪሙን ቃል ማክበር ይመስላል። በተግባር ግን ሐኪሙ ግሡን ከባለቤቱ ጋር ሳያስማማ፣ ግራውን ቀኝ ብሎ ሲናገር፣ የምታውቀው ጸሐፊ እንዳላወቀች እንድትሆን የሚያስገድድ ነው። ከሐኪሞች ብዙዎቹ ስሕተታቸው ስለ ታረመላቸው አመስግነዋል፤ ብዙዎቹም እንደ ታረመ ሳያውቁ ፈርመዋል። ትእዛዙ የወጣው ብዙውን ጊዜ ከሐኪሙ አፍ ሳይሆን የክስ ፍርሃት ካለበት ጽሕፈት ቤት ነው።

ጸሐፊዎቹ ለዚህ የሰጡት መልስ መደራጀት ነበር። የአሜሪካ የሕክምና ቃል ጸሐፊዎች ማኅበር በ1978 ተመሠረተ፤ መቀመጫው በካሊፎርንያ ግዛት በሞዴስቶ ከተማ ሆነ። በ1985 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ለሙያው መታሰቢያ አንድ ሳምንት ዐወጀ። ሳምንት ከደመወዝ ይረክሳልና ብዙ አላስቸገረም። ከዚህ የበለጠ ፍሬ ያፈራው ማኅበሩ በ1995 ያሳተመው የአጻጻፍ መጽሐፍ ነው። በክሎዲያ ቴሲየር የተዘጋጀው ይህ መጽሐፍ ጭረትን፣ ቁጥርን፣ አሕጽሮትንና የመድኃኒትን አጻጻፍ በፊደል ተራ እየዘረዘረ አስቀመጠ። በ2002 ሁለተኛው፣ በ2008 ሦስተኛው እትም ወጣ። የመጽሐፉ ትልቁ ቁም ነገር በየገጹ ያለው ፍርድ ብቻ አይደለም። ከምድር ቤት የነበሩ ሠራተኞች በመጀመሪያ ጊዜ «ይህ ትክክል ነው» ሲሉ የሚጠቅሱት፣ በራሳቸው ማኅበር የተጻፈ ምስክር ማግኘታቸው ነው።

ይሁን እንጂ ምስክሩ ዳኛ አልሆነም። መጽሐፉ ለጸሐፊዋ ሲፈርድ የደንበኛው የትእዛዝ ወረቀት ለደንበኛው ፈረደ፤ ገንዘቡን የሚከፍለውም ወረቀቱን የጻፈው ነው። ስለዚህ በብዙ ድርጅቶች የጋራ ሕግ ሆኖ የጸናው፣ መጽሐፉን ተከተሉ፣ ደንበኛው ሌላ ካለ ደንበኛውን ተከተሉ የሚል ነበር። በሌጣው ሲያዩት ብልሃት ያለበት ስምምነት ነው። ጉድለቱ ነፍስ ያላትን ጭረት ነፍስ ከሌላት ጋር በአንድ ከረጢት መክተቱ ነው። «ፎሎው አፕ» እንዴት እንደሚጻፍ ደንበኛው ቢወስን ማንም አይጎዳም። ስለ ክሩ ዜሮ የመወሰን መብት ግን ለከፋይነቱ ሊሰጠው አይገባም ነበር።

በዚህ መካከል ጭረቲቱ ዋጋም ነበራት፤ ዋጋ የተባለው በሳንቲም የሚቈጠረውን ነው። የጸሐፊዎቹ ክፍያ በአብዛኛው በመሥመር ሲሆን፣ አንድ መሥመር 65 ምት ነው ተባለ። ቁጥሩ ከጽሕፈት መኪና የመጣ ነው፤ ስድስት ኢንች ተኩል በሆነ የወረቀት ስፋት ላይ በየኢንቹ ዐሥር ፊደል ሲመታ 65 ይሆናል። ባዶ ቦታ ይቈጠር አይቈጠር የሚለው ሲያጣላ ኖሮ፣ በ2007 በዓይን የሚታይ ጥቁር ምልክት ብቻ እንዲቈጠር የሚል ሐሳብ ቀረበ። በዚህ አቈጣጠር ባዶ ቦታ ዋጋ የላትም፤ ንዑስ ሰረዝ ግን የምትታይ ጥቁር ምልክት ናትና ትቈጠራለች። «ፎሎው አፕ» በእንግሊዝኛ ስምንት ፊደል ነው፤ በጭረት ሲጻፍ ዘጠኝ ምት፣ ያለ ጭረት ስምንት ምት። ጭረት አልወድም የሚለው ደንበኛ በየቃሉ አንድ ምት ይቀንሳል ማለት ነው። ነገሩ በአንድ ቃል ያስቃል። በቀን በሺህ መሥመር ለምትጽፍ ሴት ግን የሰዋስው ጥያቄ ከሒሳብ ጥያቄ ጋር ተጣመረባት።

በዚያው በ2007 የኦክስፎርድ አጭሩ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ስድስተኛ እትም ሲወጣ 16 ሺህ ያህል ንዑስ ሰረዞች ተነሡ፤ ከቃላቱ አንዳንዱ ተገጥሞ አንድ ሆነ፣ አንዳንዱ ተለያይቶ ሁለት ሆነ። ምክንያቱ ሕዝቡ ጭረቷን መተዉ ነበር። ይህ እንደሚያስረዳው ጌጥ የሆነችው ጭረት ፋሽን ናት፤ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። የአማርኛ አንባቢም ይህን ከራሱ ገጽ ያውቀዋል። «ሥነ ጽሑፍ» በሁለት ቃል፣ በጭረት፣ ወይም እንደ አንድ ቃል ተገጥሞ የሚጻፍበት ገጽ ሁሉ አለ፤ አንዳንዴም ሦስቱ በአንድ መጽሔት ውስጥ ይገናኛሉ። የአብዮቱ ዘመን ጽሑፍ ከ«ፀረ» ቀጥሎ ጭረት ሳያደርግ የሚያልፈው ጥቂት ነበር። ነገሩን ከግዕዝ ሰዋስው አንጻር ብናየው፣ ዘርፍ አያያዡ በቃሉ መጨረሻ ላይ አስቀድሞ ገብቷል። «ሥን» ወደ «ሥነ»፣ «ፀር» ወደ «ፀረ»፣ «ቤት» ወደ «ቤተ» ሲለወጥ፣ የመጨረሻው ድምፅ ራሱ ማጣመሪያ ነው፤ ጭረቷ የታሰረውን መልሳ ታስራለች። «ኢ» የምትለው አፍራሽም በግዕዝ ከቃሉ ጋር ተጣብቃ ነው የምትጻፈው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ማጣመሪያ ድምፅ ስለሌለው ሸክሙ ሁሉ በጭረት ላይ ወደቀ። ጭረቷን ከእንግሊዝኛ መበደራችን ችግሩን ጭምር መበደር ነበር።

ወደ ሆስፒታሉ ስንመለስ፣ የደንበኛው ምርጫ የተሸነፈበት አንድ ጊዜ አለ። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው የጋራ ኮሚሽን በ2001 ስለ አደገኛ አሕጽሮቶች ማስጠንቀቂያ ካወጣ በኋላ፣ ከ2004 ጀምሮ «አትጠቀሙባቸው» የሚል ዝርዝር አስገደደ። የኢንሱሊን መጠን የምታመለክተው «ዩ» የተባለች ፊደል ዜሮ መስላ ስለምትነበብ ተከለከለች። ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ ማድረግ ተከለከለ፤ «1.0» ነጥቡ ሲደበዝዝ ዐሥር ይሆናልና። ከነጥብ በፊት ዜሮ መተው ደግሞ በተቃራኒው ተከለከለ። የመድኃኒት ደኅንነትን የሚያጠናው ተቋም በዚህ ላይ የመድኃኒት ስምና ቁጥር እንዳይጣበቁ አስጠነቀቀ፤ ኢንደራል የተባለው መድኃኒት ስሙ በእንግሊዝኛ የሚያልቅበት ፊደል አንድ ቁጥርን ስለሚመስል፣ 40 ሚሊግራም ከስሙ ጋር ተጣብቆ ሲጻፍ 140 ተብሎ ይነበባል። ከእንግዲህ ወዲህ ምንም ያህል የሚወደው ሐኪም ቢኖር፣ እነዚህ ነገሮች የምርጫ ጉዳይ መሆናቸው ቀረ። ጸሐፊዎቹ ለዓመታት ሲጮኹበት የኖሩት ነገር፣ ፈቃድ ነሺ አካል ሲናገረው ተሰማ።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ሥራው ራሱ ከምድር ቤቱ ወጥቶ ባሕር ተሻገረ። በአሜሪካ ሌሊት ሲሆን በሕንድና በፊሊፒንስ ቀን ነው፤ ድምፁ ማታ ይላካል፣ ጽሑፉ ጧት ይደርሳል። ሆስፒታሉ ለአንድ ድርጅት ይሰጣል፤ ያ ለሌላው፣ ሌላው ለሦስተኛው፤ በየደረጃው ከመሥመሩ ሒሳብ ይቈረጣል። በ2003 በካራቺ ከተማ የምትሠራ አንዲት ጸሐፊ፣ ደመወዟ ስላልተከፈላት፣ የሳን ፍራንሲስኮ በሽተኞችን ሚስጥር ለዓለም እዘረጋዋለሁ ብላ ለሆስፒታሉ ጻፈች። ሆስፒታሉ መዝገቡ ፓኪስታን መድረሱን ያወቀው ያን ጊዜ ነበር። ዛቻው የሚደገፍ አይደለም፤ ከፊል ክፍያ አግኝታም ተወችው። ይሁንና አስጻፊው የጸሐፊውን ስም ይቅርና አገሩን እንኳ የማያውቅበት ደረጃ ላይ መደረሱ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ አይፈልግም።

ሁለተኛው ጉዳይ የከፋ ነው። በአላባማ ግዛት በ2008 አንዲት የስኳር በሽተኛ ከሆስፒታል ወደ ማገገሚያ ቤት ስትዛወር፣ የመውጫ ማጠቃለያዋ ባሕር ማዶ ተጽፎ መጣ። 8 ዩኒት ኢንሱሊን መሆን የነበረበት 80 ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሐኪሙ ሳያየው ወረቀቱ ተላከ፤ ኢንሱሊኑ ተሰጠ፤ ሴትዮዋ ሞተች። በ2012 ዳኞች የ140 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። በዚህ ጉዳይ ጭረት የለችበትም፤ ዜሮ ናት። ሆኖም በሽተኛዋን የገደለው ያው ሰንሰለት ነው። የሚያውቀው እጅ ከሚናገረው አንደበት ርቆ፣ ጥያቄ ለመጠየቅ መንገድ አጥቶ፣ ባዶ ቦታ ትቶ ለመመለስ ጊዜ ሳይሰጠው በምት ብዛት ሲመዘን ዜሮዋ ታልፋለች።

ማኅበሩ በ2007 ስሙን ለውጦ «ጸሐፊ» የሚለውን ቃል ከስሙ አወጣ። በ2009 ሆስፒታሎች መዝገባቸውን ወደ ኮምፒዩተር እንዲያዞሩ የሚያበረታታ ሕግ ወጣ፤ ሐኪሞች ራሳቸው በሳጥን በሳጥን መሙላት ያዙ፤ የቀረውን ድምፅ የሚያዳምጠው መሣሪያ ተረከበ። የዛሬዋ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የምትሠራው መሣሪያው የጻፈውን ረቂቅ ማረም ነው፤ ለማረም የሚከፈለው በመሥመር ለመጻፍ ይከፈል ከነበረው ያንሳል። መሣሪያው የሰማውን ሁሉ ያለ ማመንታት ይጽፋል፤ ያልሰማውንም ሰማሁ ብሎ የሚጽፍበት ጊዜ እንዳለ ተረጋግጧል፤ ባዶ ቦታ ትቶ መመለስን አያውቅበትም። የደንበኛው የምርጫ ወረቀት ግን አልጠፋም፤ ወደ መሣሪያው ውስጥ ገብቷል። ጭረት የማይወደው ሆስፒታል ጭረት የሌለው ረቂቅ ይደርሰዋል። አራሚዋም ድምፁን መልሳ እያዳመጠች፣ ክሩ ባለ ሦስት ዜሮ መሆኑን ከተሰፋው ቆዳ አውቃ፣ በ«30» መካከል ጭረቷን ታገባለች። ከገጹ ግርጌ የነበሩት ትናንሽ ፊደሎች በብዙ ቦታ ቀርተዋል፤ በምትካቸው የሠራተኛ ቁጥር ይሰፍራል።